ኢሜይሉን የገደልኩት እኔ አይደለሁም

ይህ የምጽፈው ታሪክ ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። ውሸት ካለበት ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ገና አፌን ስከፍት «ደሞ መጣ ይሄ ቀልማዳ» የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የምምለውም ለእነሱ ነው። ይበሉ። ዛሬ ለቀልድ አልመጣሁም። ተናድጃለሁ። ከተናደድኩ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ንዴቱ አልበርድ ሲለኝ እስክሪብቶ አነሳሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝና ፊደል ከሳትኩ አርማችሁ አንብቡ። ነገሩን ግን አትንኩብኝ።

የምሠራው መነጽር ቤት ነው። የዓይን ሐኪሞች የሰውን ዓይን ይለኩና ቁጥሩን በኢሜይል ይልኩልናል። እኔ በዚያ ቁጥር ልክ ሌንሱን በማሽን እሞርዳለሁ፣ አለሰልሳለሁ፣ ፍሬሙ ውስጥ እከታለሁ። ቁጥሩ ካልመጣ እኔም ማሽኔም ተያይተን መዋል ነው። ቤቱ የሁለት ሰዎች ነው፤ ወንድምና እህት ከአባታቸው የወረሱት። ወንድምየውን ጋሼ፣ እህትየዋን እትዬ እንላቸዋለን። ክፍሎቻቸው ጎን ለጎን ናቸው። መሃላቸው ያለው ግድግዳ ስስ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ እትዬ ሲያስነጥሳቸው ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ያለው ብርጭቆ ይንጫጫል።

እንዲህም ሆኖ ሁለቱ በአፍ አይነጋገሩም። ስድስት ዓመት ሆናቸው። ያላቸውን ነገር ሁሉ በኢሜይል ነው የሚባባሉት። እትዬ «ቧንቧው ያንጠባጥባል» ብለው ይጽፋሉ፤ ጋሼ እዚያው ግድግዳው ማዶ ሆነው ያነቡና «አይቻለሁ» ብለው ይመልሳሉ። አንድ ቀን ጋሼ ክፍል ያለው የቆሻሻ ቅርጫት እሳት ተነሳበት። እትዬ ጭሱ በበሩ ስር ሲመጣ አዩና ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ቁጭ ብለው ኢሜይል ጻፉ። ጋሼም እሳቱን በጃኬታቸው ደብድበው ካጠፉ በኋላ፣ ጃኬቱ ገና እየጨሰ፣ «ጠፍቷል» ብለው መለሱ። ካላመናችሁ ስልኳን ጠይቁ። ስልኳ እንግዳ ተቀባያችን ናት፤ ስልኩ ከጆሮዋ ተነጥሎ ስለማያውቅ ስሟ እሱ ሆኖ ቀረ።

ኮምፒውተሮቻቸው ሁለቱም ያረጁ ናቸው። ድሮ ከማርጀታቸው የተነሳ ጋሼ ጠዋት ማብሪያውን ተጭነው፣ ሄደው ጺማቸውን ተላጭተው ሲመለሱ ገና ሲያጉረመርም ያገኙት ነበር። የአጎቴ ልጅ ሊኑክስ የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን በፍላሽ ሰጠኝ፣ እኔ ጫንኩላቸው፣ ሁለቱም እንደ ጥይት ሆኑ። አመሰግናለሁ ያለኝ ሰው የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ኮምፒውተር ላይ ዝንብ ብታርፍ የምጠየቀው እኔ ሆንኩ።

ጥፋት የለብኝም አልልም። የተሰነጠቀ መስታወት ፎቶ ጋሼ ስክሪን ላይ አድርጌ አውቃለሁ። መስታወት ቆራጭ አስጠሩ። ሰውየው ሜትሩን ይዞ መጣ፣ ሁለት ጊዜ ለካ፣ ራሱን ነቀነቀና «እንዲህ ያለ ስስ መስታወት እኛ ጋ የለም» ብሎ ሄደ። አንዲት ደንበኛችንን ደግሞ «ይሄ ሌንስ ልዩ ነው፤ ባልሽ ሲዋሽ ይደበዝዝብሻል» ብያታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት መነጽሩን ይዛ መጣች። «ቀይርልኝ፤ አንዴ ደብዝዞብኝ አልጠራ አለኝ» አለች። እነዚህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አልካድኩም። ያላደረግሁትን ሲለጥፉብኝ ግን ደሜ ይፈላል።

ሰኞ ጠዋት ነው የተጀመረው። ጋሼ የኢሜይል ፕሮግራሙን ከፈቱ። ተከፈተ። አሥር እስክትቆጥር ቆየና ድርግም! ደግመው ከፈቱ። ድርግም! ይሄን አጥፍተሃል፣ ያን ነክተሃል ማለት የለም፤ ሰው ፊት ላይ በር እንደሚዘጋ ባለጌ ነው የሚዘጋው። ወዲያው የእትዬም እንደዚያው ሆነ።

«ቀልማዳው! ና እዚህ!» አሉ ጋሼ። ወላጆቼ ያወጡልኝን ስም እዚያ ቤት ማንም አያውቀውም።

ሄድኩ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ድርግም። ፕሮግራሙን ከነሥሩ ነቅዬ እንደገና ጫንኩት፣ ድርግም። አዲስ የወጣውን አወረድኩለት፣ እሱማ ይባስ ብሎ ስድስት ሲቆጠር ድርግም አለ። በኢንተርኔት በኩል ገብቼ ደብዳቤዎቹን ላንብብ ብል ደግሞ የይለፍ ቃሉን ሁለቱም ረስተውታል። የሚያስታውሰው ያ የሚሞተው ፕሮግራም ብቻ ነው። በዚህ ማክሰኞ አለፈ፣ ረቡዕም አለፈ። ፕሮግራሙን ሰድቤዋለሁ፣ ለምኜዋለሁ፤ ጠረጴዛውን በጡጫ መትቼ ጣቴ አብጧል።

ሐኪሞቹ ቁጥር ይልካሉ፣ ቁጥሩ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ስልኳ እየደወለች በቃል መቀበል ጀመረች። በቃል ሲቀበሉ ደግሞ መቀነሱ መደመር ይሆናል። አንድ ሹፌር መጣ፣ መነጽሩን አደረገና ሲወጣ ደረጃ በሌለበት እግሩን እስከ ጉልበቱ አንስቶ ረገጠ። «ቤታችሁ ይወዛወዛል እንዴ?» አለን። ያን ሌንስ ጣልኩት። በዚያ ሳምንት አሥራ አንድ ሌንስ ጣልኩ። እያንዳንዱን እንደ ልጅ ነው አለስልሼ የማሳድገው፤ ጥርሴን ነክሼ ወደ ቅርጫት ወረወርኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ቴክኒሻን ጠሩ። ትልቅ ጥቁር ሻንጣ ይዞ መጣ። ሻንጣው ሲከፈት ያለው ሌላ ሻንጣ ነው፤ እሱ ውስጥ አንድ ብሎን መፍቻ። ጋሼ ወንበራቸውን ለቀቁለት፣ ሻይ ታዘዘለት። ተቀመጠና ስክሪኑን ግራና ቀኝ ሲፈልግ ቆየ።

«ምን ጠፋህ?» አልኩት።

«ስታርት የሚለው ማብሪያ የታል? ታች በግራ በኩል የሚሆነው?»

«ይሄ ሊኑክስ ነው። ከላይ ነው።»

ማውሱን አስቀመጠና ዘወር ብሎ አየኝ። «ማነው ይሄን የጫነው?»

«እኔ።»

ለእኔ አልመለሰም። ለጋሼ ነው የተናገረው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሐኪም ለአስታማሚ እንደሚናገረው። «ይሄ በራሱ የተበላሸ አይደለም። ሆን ብሎ የነካው ሰው አለ። የሁለት ኮምፒውተር ፕሮግራም በአንድ ቀን ይሞታል? የት አገር ታይቶ!»

ዓይኑን በጨው አጥቦ የመጣ! ማብሪያውን ያላገኘ ሰው ገዳዩን አገኘ።

ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። እንዲህ ካደረጉ ነገር አለ ማለት ነው። «ስማ» አሉኝ። «የተሰነጠቀውን መስታወት ስቀን አለፍን። የሴትዮዋን ሌንስ ስቀን አለፍን። ይሄ ግን ሥራ ነው። ሰዎች ዓይናቸውን ሰጥተውን ነው የሚጠብቁት።»

«ጋሼ፣ እኔ አልነካሁትም።»

«እስከ ምሳ ሰዓት ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ያደረግከውን ራስህ አውጣ። ካላወጣህ ማሽኑን ለስልኳ አስረክበህ ትወጣለህ።»

«ለእኔ?» አለች ስልኳ ከውጭ፤ የስልኩን እጀታ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች። «ጋሼ እኔ እኮ ሌንስና የጠርሙስ ቂጥ አልለይም!»

«ትማሪያለሽ።»

«በዚህ ሁሉ ዓመት ስዋሽ ስታምኑኝ ኖራችሁ» አልኩ። «ዛሬ አንድ ቀን እውነት ብናገር…»

«ምሳ ሰዓት» አሉ ጋሼ፤ ሰዓታቸውንም አሳዩኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር።

የዘጠኝ ዓመት እንጀራዬ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሥራው አይደለም ያንገበገበኝ። ሌላ መነጽር ቤት አላጣም። ሌላው መነጽር ቤት ግን ጋሼ ዘንድ ደውሎ ይጠይቃል፤ ጋሼም «ኮምፒውተር ያበላሸብኝ ሰው ነው» ይላሉ። በቀልድ መታወቅና በክፋት መታወቅ ለየቅል ነው። ያለችኝ ስም የቀልማዳ ስም ናት፤ እሷንም አበላሽተው ሊሸኙኝ ነው።

እትዬ የዚያን ቀን ዘግይተው ስለሚገቡ ክፍላቸው ባዶ ነበር። እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩና የአጎቴ ልጅ ጋ ደወልኩ።

«ቅጥቅጥ አድርጌ ልሰብረው ነው» አልኩት።

«ተረጋጋ። ጥቁሩን መስኮት ክፈትና ከዚያ ሆነህ አስነሳው። ሲሞት ኑዛዜ ይተዋል።»

ጥቁሩ መስኮት ማለት ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ነው። ከፈትኩ፣ የፕሮግራሙን ስም ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ተነሳ፣ ድርግም አለ፣ ጥቁሩ መስኮት ላይ አንዲት መስመር እንግሊዝኛ ተፍቶ ሞተ። በስልክ ፊደል በፊደል አነበብኩለት።

«ያልተፈቀደለት ቦታ እጁን ሰዶ ነው የተገደለው» አለኝ።

«እንደ እኔ ነዋ!»

«አትቀልድ። ገመዱን ነቅለህ ከኢንተርኔት ለየው። ከዚያ ደብዳቤዎቹ የተቀመጡበትን ፎልደር ወደ ጎን አድርግና ባዶውን አስነሳው።»

እንዳለኝ አደረግሁ። አሥር ቆጠርኩ፣ አለ። መቶ ቆጠርኩ፣ አለ። ሰዓቱን አየሁ፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ በሕይወት ቆየ! ተነስቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው። የታመመው ደብዳቤ ነው። ከስድስት ሺህ ደብዳቤ ውስጥ አንዱ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ማንም አላስተማረኝም፤ ከሐኪሞቹ የሰረቅሁት ነው። ሐኪም ዓይን ሲለካ ሁለት ሌንስ እያፈራረቀ «ይሄ ይሻላል፣ ወይስ ይሄ?» ይላል። የደብዳቤዎቹን ግማሽ መለስኩ፤ ፕሮግራሙ ኖረ። አውጥቼ ሌላውን ግማሽ መለስኩ፤ ሞተ። የሞተበትን ግማሽ ለሁለት ከፈልኩ። ይሄ ይሻላል፣ ወይስ ይሄ? ኖረ፣ ሞተ፣ ሞተ፣ ኖረ። ስድስት ሺው ሦስት ሺህ ሆነ፣ ሦስት ሺው ሺህ አምስት መቶ፤ እየወረደ ወረደና አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ ደብዳቤ ብቻ እጄ ላይ ቀረ።

ርዕሱ «የአባታችን መሞረጃ» ይላል። ሰኞ ጠዋት እትዬ ለጋሼ የላኩት ነው። ክብደቱን ሳይ ዓይኔን አላመንኩም፤ የዓመቱ የሐኪሞች ትዕዛዝ ሁሉ ተደምሮ አያህለውም። ጽሑፍ ብቻ በሚያሳየው ተራ ፕሮግራም ከፈትኩት። አናቱ ላይ ሁለት ቃል አለ፦

«ሳሙና አልቋል።»

ከሱ ሥር ጋሼ ቅዳሜ የጻፉት። ከሱ ሥር እትዬ ቅዳሜ የጻፉት። ከሱ ሥር ዓርብ። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ጣቴ ደከመ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አዲስ ደብዳቤ ከፍተው አያውቁም! አንዱ «መልስ» የሚለውን ይጫናል፣ ሁለት ቃል ጨምሮ ይልካል፤ ሌላው ደግሞ በሱ ላይ። እያንዳንዱ መልስ ከሱ በፊት የነበሩትን ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚሄደው። ቧንቧው አለ፣ እሳቱ አለ፣ «ጠፍቷል» አለ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ መልስ ሳጥን ውስጥ ሳጥን ይሥላል። ቆጠርኩት፤ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ሰባት። ሺህ ስምንት መቶ አርባ ስድስቱን እንደምንም ተሸክሞ ኖሯል። የገደለው የሳሙናው ነው።

እስከ ታችኛው ወለል ወረድኩ። የመጀመሪያው ደብዳቤ የእትዬ ነው፦ «የአባታችን መሞረጃ የት ሄደ?»

እሱን ነገር አስታውሳለሁ። አባታቸው ሥራ የጀመሩበት በእግር የሚረገጥ የድሮ መሞረጃ ነበር፤ ትልቅ ክብ ድንጋይ ያለው። መግቢያው ላይ ለጌጥ ይቆም ነበር። አንድ ጠዋት ስንገባ የለም። ጋሼ ሠራተኛውን ሰብስበው ሲጠይቁ እኔ፣ አፌ አያርፍ፣ «ሌሊት እግር አውጥቶ ሄደ፤ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ» አልኩ። ሰው ሳቀ። ነገሩ በዚያው የተረሳ መስሎኝ ኖርኩ።

የጋሼን መልስ አነበብኩ፦ «ቀልማዳው ነው። ሰብሮ ጥሎታል። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ ብሎ በሰው ፊት አምኗል።»

እትዬ፦ «አላመንኩህም። እውነቱን እስክትነግረኝ ድረስ ሌላ ደብዳቤ አልከፍትም። ያለህን ሁሉ በዚሁ ላይ ጻፍ፤ በየቀኑ ርዕሱን እያየህ።»

ቀልማዳው የሚለውን ቃል እንዲፈልግልኝ አዘዝኩት። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ። «ቀልማዳው እረፍት ጠይቋል።» «ዝናቡ ሲገባ ይውጣ።» «ቀልማዳው ለምን ዝናብ ብቻ ይላል።» «የአባቴን ዕቃ ሰብሮ ፀሐይ ሊሞቅ ነው?» ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ስድስቱን ዓመት እረፍቴን ጣሪያ ሲያንጠባጥብ በማየት ያሳለፍኩት ለምን እንደሆነ እዚያ ወንበር ላይ ገባኝ። አንድም ሰው በአፉ አልጠየቀኝም። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሌንስ ስሞርድ እነሱ በእኔ ሥጋ ላይ ይጻጻፋሉ።

ያን ደብዳቤ ወደ ጎን አድርጌ ሌሎቹን መለስኩ፣ ገመዱንም መልሼ ሰካሁ። ተነስቼ የሁለቱንም ክፍል በር ወለል አድርጌ ከፈትኩ። እትዬ በዚያው ሰዓት ቦርሳቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ደረሱ።

«እትዬ፣ ጋሼ ክፍል ይግቡልኝ።»

«እኔ? እግሬ እዚያ ክፍል አይገባም!»

«እንግዲያው በሩ ላይ ይቁሙ። ከዚያ በላይ አልለምንም!»

ጮኼባቸው አላውቅም። በዚያ ቤት ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። እትዬ የጫማቸውን ጫፍ እንኳ ከደፉ ሳያሳልፉ በሩ ላይ ቆሙ። ቴክኒሻኑ ሦስተኛ ሻዩን ይዟል። ስልኳ ስልኩን ዘግታ መጣች፤ በሕይወቴ ስትዘጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አንተ አስነሳው» አልኩት ቴክኒሻኑን። «እኔ እጄን ኪሴ ከትቻለሁ። ሌሎቹን ደብዳቤዎች ወደ ጎን አድርግ፤ የእትዬን የሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ብቻ ተው። እሱን ክፈት።»

ከፈተ። ድርግም።

«አሁን እሱን ወደ ጎን አድርግና ሌሎቹን ሁሉ መልስ።»

ፎልደሩ የት እንዳለ አፌ እስኪደርቅ መራሁት። መለሰ። ፕሮግራሙ ተከፈተ፣ ቆመ፣ የሰኞና የማክሰኞ የሐኪሞች ትዕዛዝ እንደ ጉንዳን ተግተልትሎ መግባት ጀመረ። ቴክኒሻኑ ሻዩን አስቀመጠና «እኔም እኮ ደብዳቤው ነው ልል ነበር» አለ።

«አንተ ሰውዬ ሻንጣህን ዝጋ!» አለችው ስልኳ።

ጋሼ ስክሪኑን ተጠግተው አዩ። «ቀልድ አይደለም?»

«ቀልድ የሚመስል ነገር ፊቴ ላይ ያያሉ?»

«እና አሁን ዳነ?»

«አልዳነም። አንዳችሁ ከዚህ በፊት ባለው ላይ አንድ መልስ ብትጨምሩ እንደገና ይሞታል። የሚድነው አዲስ ደብዳቤ ስትከፍቱ ነው። እትዬ፣ አዲስ ይክፈቱ።»

«አልከፍትም» አሉ እትዬ። ለእኔ ነው የተናገሩት፤ ዓይናቸው ግን ጋሼ ላይ ነው። «ያልኩትን ብያለሁ። እውነቱን ይንገረኝ፣ እከፍታለሁ።»

«ነግሬሻለሁ» አሉ ጋሼ።

በስድስት ዓመት ውስጥ በአፍ የተባባሉት የመጀመሪያው ቃል ይሄ ነው። ስልኳ አፏን በእጇ ያዘች።

«ምን ብለህ ነው የነገርከኝ? በል፣ እሱ ፊትህ ቆሟል፣ በአፍህ ድገመው።»

ውጭ ስልኩ መጮህ ጀመረ። ማንም አላነሳውም።

«እኔ ልድገምላቸው» አልኩ። «ቀልማዳው ሰብሮ ጥሎታል፣ በሰው ፊት አምኗል። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቦታ አለሁበት ጋሼ። ቆጥሬዋለሁ። የሰበርኩት እኔ ነኝ? ዓይኔን እያዩ ይበሉኛ! ደብዳቤ ላይማ ማን ያቅተዋል!»

«አንተ በሩን ከፈትኩለት ብለሃል…»

«እግር አውጥቶ ሄደ ብያለሁ! ድንጋይ እግር ያወጣል? እሱንም ይመኑልኛ!»

ስልኩ ጮኸ ጮኸና ተቋረጠ፣ እንደገና ጀመረ። ጋሼ ከግንባራቸው ላይ መነጽራቸውን አውርደው እጃቸው ላይ ያገላብጡታል። ስክሪኑ ላይ ትዕዛዙ መግባቱን አላቆመም፤ ሰባ፣ ሰባ አንድ፣ ሰባ ሁለት። አዩት። እኔን አዩኝ። እትዬን ግን ማየት አቃታቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ ወለሉን እያዩ። «ቀለም ቀቢዎች ሊመጡ ነበር። ሰው ልጥራ አላልኩም፣ ብቻዬን ገፋሁት። ድንጋዩ ወደቀና ለሁለት ተሰነጠቀ። ቁርጥራጭ ብረት ለሚሰበስብ ሰውዬ ሰጠሁት።»

እትዬ ቦርሳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ይሄን ለመናገር ስድስት ዓመት?»

«አባባ አደራ የሰጠው ለእኔ ነበር። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

«ወድቆብኝ ተሰበረ ብለህ ነዋ! ምን ልልህ? ድንጋይ ነው! እኔ ድንጋዩን ነው እንዴ የፈለግኩት?» ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ይሄንን ልጅ ኮሪደር ላይ ባየሁት ቁጥር ፊቴን ሳዞር ኖርኩ። በሰው ልጅ ላይ ቂም አስያዝከኝ እኮ!»

ዞረው ወደ ክፍላቸው ሄዱና በሩን ወረወሩት። ብርጭቆው ተንጫጫ። እኛ እንደቆምን፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ጋሼ ስክሪን ላይ አዲስ ደብዳቤ ገባ። ርዕሱ «የሠራተኛ እረፍት» ይላል። ለጋሼ የተላከ፣ ለእኔም እንዲነበብልኝ የታዘዘ፦ «ቀልማዳው ዘንድሮ የፈለገውን ወር ይምረጥ። ትክክለኛ ስሙም ይጻፍልኝ፤ አላውቀውም።»

ስሜን ራሴ ጻፍኩላቸው።

ወደ ማሽኔ ተመለስኩ። ሌንስ አልነካሁም፤ ማሽኑን ዝም ብዬ ስወለውል ጋሼ መጡ። ፊቴ ቆሙ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ» አሉኝ፣ ስልኳም ቴክኒሻኑም እየሰሙ፣ «በድዬሃለሁ። ያላጠፋኸውን በስምህ ጽፌ ስድስት ዓመት አሳድሬአለሁ። ዛሬም ሳልሰማህ ላባርርህ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።» እኔም «ይሁን ጋሼ» አልኩ።

እንግዲህ ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ፤ እሳቱም፣ ሳሙናውም፣ ሻንጣ ውስጥ ያለው ሻንጣም። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ይቅርታዋን።

መምጣታቸው እውነት ነው። መነጽራቸውን ማውለቃቸውም እውነት ነው። በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉትና «ሰባ ሁለቱ እስከ ቅዳሜ ይደርሳሉ?» አሉኝ። «ይደርሳሉ» አልኩ። ደረሱም። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ፤ በየቀኑ በማሽኔ አጠገብ ያልፋሉ፣ ደህና አደርክ ይሉኛል፣ ያልፋሉ። አላሉትም። የሚሉትም አይመስለኝም። ስለዚህ እኔው አልኩላቸው። ከዋሸኋቸው ውሸቶች ሁሉ እውነት እንድትሆን የምፈልጋት እሷን ብቻ ነው።